ፊት ላይ የታተመ መሰላል

እስቲ መልሱ፤ ወንድማችሁን የሚያድን አንድ ዓረፍተ ነገር አፋችሁ ውስጥ ቢኖር፣ ምርጫው እስኪያልፍ ድረስ ውጣችሁት ትቀመጣላችሁ? አትቸኩሉ። «እኔማ እንዲህ አላደርግም» ለማለት የሚቸኩል ሞልቷል። የዚህ ታሪክ ሰዎችም አስቀድሞ የጠየቃቸው ቢኖር ደረታቸውን እየመቱ ይህንኑ ይሉ ነበር።

ማተሚያ ቤቱ አባታቸው የተወላቸው ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከመኖሪያቸው ጋር አንድ ግቢ የሚጋራ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ክረምት ከበጋ ቀለምና ነዳጅ የሚሸት ክፍል። ታላቅየው ባለማሽን ነው። ማሽኑን ሌላ ሰው ሲነካበት ፊቱ ይለዋወጣል። ሲናገርም ይጮኻል፤ ዕድሜውን ሙሉ ከማሽን ድምፅ በላይ ሲያወራ የኖረ ሰው ሹክሹክታ ከየት ያመጣል? ምስጢር ልንገርሽ ብሎ እህቱን ጥግ ያስያዛት እንደሆነ መንገደኛው ሁሉ ይሰማዋል። ታናሽየው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ጽሑፉን ያቀናብራል፣ ፎቶውን ያስማማል፣ ማሽኑ ላይ የሚጫነውን ፕሌት ያወጣል። ከሲታ ስለሆነ «ቀጮ» ነው የሚሉት፣ እናቱ ሳትቀር። መካከለኛዋ እህታቸው ቆራጭ ናት። ታትሞ የወጣውን በትልቁ መቁረጫ ትቆርጣለች፣ ትደረድራለች፣ በሲባጎ አስራ ታስረክባለች። ከዚያ ቤት በሚወጣ ወረቀት ሁሉ ላይ የመጨረሻው እጅ የእሷ ነው፤ ይህን እንዳትረሱት።

ባለማሽኑ ባለመሰላል ነው፣ ቀጮ ባለጃንጥላ። አገሩን ለሁለት የከፈሉት ፓርቲዎች የምርጫ ምልክት እነዚህ ናቸው። ሁለቱም ከመድረክ የሚሉት ያው አንድ ነገር ነው፤ ዴሞክራሲ አደጋ ላይ ወድቋል። የሚለያዩት አደጋው ማን ነው በሚለው ብቻ ነው። መሰላሎቹ ጃንጥላዎቹ ናቸው ይላሉ፤ ጃንጥላዎቹ መሰላሎቹ። በዚህችው ሰበብ ባልና ሚስት አልጋ ለይተዋል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሰላምታ ተነፋፍጓል፣ አብሮ አደግ አብሮ አደጉን ሲያይ መንገድ ተሻግሯል። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ግን ጠቡ ከሥራው ጋር ይሄድ ነበር፤ ማሽኑ ሲያገሳ እነሱም ያገሳሉ፣ ማሽኑ ሲቆም ይሳሳቃሉ።

«የእናንተ ሰውዬ አንዴ ላይ ከወጣ መሰላሉን ይስበዋል፤» ይላል ቀጮ ከወንበሩ ሳይነሳ። «ከዚያ በኋላ ሌላው በምን ይወጣል? የምርጫ ነገር እዚያው አበቃ።»

«የእናንተውስ? ፀሐዩ ግጥም ብሎ ወጥቶ 'ሊዘንብ ነው፣ ሊዘንብ ነው' እያላችሁ ሕዝቡን በአንድ ጃንጥላ ሥር አጭቃችሁ ልትገዙት!»

«ቢያንስ አይበሰብስም።»

«ይታፈናላ!»

«ጋሼ፣ አንተ ካልጮህክ ያሰብክ አይመስልህም።»

«አንተ ደግሞ ነፋስ እንዳይወስድህ ነው ጃንጥላ የያዝከው፤ ክብደት ፍለጋ።»

እህታቸው ከመቁረጫው ቀና ትላለች። «ጃንጥላ ይዞ ነፋስ ላይ የወጣማ ተነቅሎ ነው የሚሄደው። ክብደት ከፈለገ መሰላል ይሸከም።»

«አንቺ ከማን ጋር ነሽ?» ይሏታል ሁለቱም በአንድ አፍ።

«ከምሳ ጋር።»

ይህን ጊዜ እናታቸው በበሩ ብቅ ትላለች። «ሾርባው ቀዘቀዘ። ዴሞክራሲያችሁን ከድናችሁ አስቀምጡትና ኑ፤ እሱን ኋላ ታሞቁታላችሁ።»

አባታቸው በሕይወት ሳለ አንድ ሕግ ነበረው፤ ማንም ይምጣ ማን ይታተምለታል፣ ሥራውም በሰዓቱ ይወጣለታል። ልጆቹ በዚህ ተጣልተው አያውቁም። ባለማሽኑ የጃንጥላውን ፖስተር ሲያትም ቀለሙን የመሰላሉን ያህል ይጠነቀቅለታል። ቀጮም የመሰላሉን ጽሑፍ ከራሱ ፓርቲ አስበልጦ ያሳምር ነበር፤ «ኋላ በፊደል ግድፈት ነው ያሸነፋችሁን እንዳትሉ» እያለ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ማሽን ገና ሲነሳ፣ ቀለሙና ውሃው እስኪስማሙ ድረስ፣ የሚወጣው ሉክ አንዱ የገረጣ፣ ሌላው የተጨማለቀ ነው። ለዚህ ብሎ አዲስ ወረቀት ማጥፋት በዚያ ቤት ነውር ነው። ከማሽኑ አጠገብ የተበላሹ ሉኮች ይከመራሉ፤ ሥራ ሲጀመር ቀድመው የሚያልፉት እነሱ ናቸው። «ማስጀመሪያ» ይሏቸዋል። አንድ ማስጀመሪያ ነጭ ቦታ እስኪያጣ ድረስ ተመላልሶ ይታተምበታል፤ የሠርግ ጥሪው ላይ የአይጥ መርዝ ማስታወቂያ፣ የፈተና ጥያቄው ላይ የሳሙናዋ ሴት ፈገግታ፣ የባለሥልጣኑ ፎቶ ላይ የጫማ ሥዕል ይደረባል። ልጆች ሳሉ ከክምሩ ውስጥ ይበልጥ የሚያስቀውን ፈልጎ ማውጣት ጨዋታቸው ነበር፤ አባታቸውም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ገና ያልጠቆረው ደግሞ ለቆራጯ ይጠቅማታል። ሲባጎው ደህናውን ወረቀት እንዳይበላው ከእሽጉ በላይና ከእሽጉ በታች አንዳንድ ማስጀመሪያ ታደርጋለች፤ የታተመበትን ገጽ ወደ ውስጥ፣ ነጩን ወደ ውጭ። ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲባጎውን ይፈታል፣ መሸፈኛውን ይጥላል፣ ሥራውን ያነሳል።

ምርጫው ሲቃረብ ሁለቱም ፓርቲዎች ትልልቅ ፖስተር አዘዙ። ጠዋት የጃንጥላው ታተመ፤ የሊቀመንበሩ ፊት ወረቀቱን ሞልቶ፣ ከሥሩ «ዴሞክራሲን እንጠብቅ» የሚል። ከምሳ በኋላ የመሰላሉ ተጫነ፤ ከታች እስከ ላይ የተዘረጋ ጥቁር መሰላል፣ «ለዴሞክራሲ እንነሳ» የሚል ጽሑፍ ያለበት። ባለማሽኑ እንደ ልማዱ ጠዋት የተበላሹትን ሉኮች አንስቶ ለማስጀመሪያ አሳለፋቸው።

የወጣውን ሲያዩ ሦስቱም ክው አሉ። መሰላሉ ልክ የሊቀመንበሩ ፊት ላይ አርፏል። የመሰላሉ እንጨቶች በግንባሩና በጉንጮቹ ላይ ተጋድመው፣ ዓይኖቹ ከመካከላቸው ያዩ ነበር። ሰውዬው በእስር ቤት መስኮት ብቅ ያለ ነው የሚመስለው።

ቀጮ አንዱን ሉክ ከፍ አድርጎ ያዘው። «ጋሼ! ሰውያችንን አሰርከው!»

«ዋስትና ከልክዬ!» አለ ባለማሽኑ በማሽኑ ላይ እየጮኸ።

«ክሱ ምንድን ነው?»

«ፀሐይ ላይ ጃንጥላ በመዘርጋት!»

ቀጮ እስኪያስለው ሳቀ። እህታቸውም ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እሷም የመሰላሉን ፖስተሮች ቆርጣ፣ ደርድራ፣ ከላይና ከታች በእነዚያው ማስጀመሪያዎች ሸፍና አሰረች። ገጹ ወደ ውስጥ፣ ነጩ ወደ ውጭ። ሦስቱ አብረው የሳቁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አልሳቁም።

እሽጎቹን የተረከቡት የመሰላሉ ወጣቶች ፖስተር ተቀብለው የማያውቁ ነበሩ። መሸፈኛ ይጣላል ብሎ የነገራቸው የለም። ሲባጎውን ፈቱ፣ ያገኙትን ሁሉ ሙጫ ቀቡና ለጠፉ። ከተማው ጠዋት ሲነሳ የጃንጥላው ሊቀመንበር በአውቶቡስ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ፣ በገበያው በር ላይ ታስሮ አገኘው።

ከመቼው ጉድ ፈላ። የጃንጥላው ሰዎች በራዲዮ ወጡ፤ «ሊያስሩን ነው፤ ያሰቡትን በገዛ እጃቸው ለጠፉልን! አሁንስ ዴሞክራሲን የሚያሰጋው ማን እንደሆነ ያልገባው አለ?» የመሰላሉ ሰዎች ተከትለው ወጡ፤ «ይህ ስማችንን ለማጥፋት የተሸረበ ተንኮል ነው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የጃንጥላው ሰው አለ፤ ፕሌቱን ያወጣው እሱ ነው። አሁንስ ዴሞክራሲን የሚያሰጋው ማን እንደሆነ ያልገባው አለ?» ምስሉ በየሰው ስልክ ገባ። የቀጮ ፎቶም ተከትሎ ገባ።

በማተሚያ ቤቱ ቆራጯ መቁረጫዋን አላስነሳችም። «እኔ ነኝ የሸፈንኩበት። ማስጀመሪያ ነው ብለን እንናገራለን፣ አለቀ።»

«በደንብ ነዋ!» አለ ባለማሽኑ። «ምን አለበት? እኔ ያተምኩት ብልሽት ነው።»

«እኔም እላለሁ፤» አለ ቀጮ። «ሦስታችንም እንሂድ።»

ያኔ ቢሄዱ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር። ግን ልብሳቸውን እየቀየሩ ሳለ የመሰላሉ አስተባባሪ መጣ። ባለማሽኑን በትከሻው አቅፎ ከወረቀት መጋዘኑ ኋላ ወሰደው። አስተባባሪው ሹክ ይላል፤ ባለማሽኑ ሹክ ማለት አይችልምና ከንግግሩ የእሱ ድርሻ ሁሉ ለእህቱ ይሰማታል።

«ማስጀመሪያ ነው እኮ!» ... «አዎ፣ እኔ ነኝ ያተምኩት!» ... «ታዲያ ቀጮን ነው እኮ የምትሉት!» ... «ወንድሜን?» ... ከዚያ ዝቅ ያለ፣ እሷ ከእሱ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ፤ «እሺ። ምርጫው እስኪያልፍ ብቻ።»

አስተባባሪው ሲወጣ እጇን ጨበጣት። «ጊዜው ከባድ ነው፣ እህቴ። የተቃጣው በዴሞክራሲ ላይ ነው፤ በዚህ ሰዓት ስለ ወረቀት ብልሽት አይወራም።»

እሱ ጥግ ሲዞር የጃንጥላው ጸሐፊ ደረሰች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ቀጮ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እሱም ሁሉንም ነገራት፣ አንድም አልደበቃትም። እጁን ያዘችው።

«ውሸት ተናገር አልልህም። እኛ ውሸት አንወድም። ዝም በል ብቻ። ምስሉ በአጋጣሚ ወጣ እንበል፤ ሐሳባቸው ግን አጋጣሚ ነው? አላሰቡትም? ምስሉ ሐሳባቸውን ከእነሱ ይልቅ አጥርቶ ነገረልን። አንተ አሁን 'ብልሽት ነው' ብትል እውነቱን ትሸፍነዋለህ።»

ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። እውነቱን ብትናገር እውነቱን ትሸፍነዋለህ! እንዲህ ያለውን ነገር ሳታፍር የምትናገር ሴት ናት አገር የምታድነው። በሌላ ወገን ደግሞ ወንድምን አሳልፎ መስጠትን «ጊዜው ከባድ ነው» ብሎ የሚጠቀልል ሰው ነው አገር የሚያድነው። እንግዲህ ምረጡ።

ቆራጯ ብቻዋን ራዲዮ ጣቢያው ድረስ ሄደች። የተቀበላት ጋዜጠኛ ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጣት፣ እስክትጨርስ አዳመጣት።

«የየትኛው ነሽ?»

«የማንም። ቆራጭ ነኝ።»

«ያተመው ማን ነው?»

«ታላቅ ወንድሜ።»

«ፕሌቱንስ ያወጣው?»

«ታናሼ።»

«እነሱ ምን ይላሉ?»

ምን ትበለው? ጋዜጠኛው ብዕሩን አስቀመጠ። «አንዳቸው በገዛ ድምፃቸው ይናገሩ፣ ወዲያው ለአየር አበቃዋለሁ። በተለይ ታላቅሽ። የመሰላሉ ሰው ሆኖ 'እኔ ነኝ' ካለ ማንም አፉን አይከፍትም። አንቺ ብቻሽን ብትይው ግን እህት ለወንድሟ መሰከረች ይባላል፤ አንቺንም ያስጠምድሻል፣ እሱንም አያድነውም።»

ተመልሳ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀመጠች። ለመነች፣ ተቆጣች፣ በአባታቸው አጥንት ተማጸነች።

«ከምርጫው በኋላ፤» አለ ባለማሽኑ ዓይኑን ማሽኑ ላይ አድርጎ።

«ከምርጫው በኋላ፣ እትዬ፤» አለ ቀጮ። «ያኔ እኔው ራሴ እየሳቅኩ እናገረዋለሁ።»

በፖለቲካ ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ወንድማማቾች በዚህ ተስማሙ።

ግን ምሳ ላይ መጯጯሁ ቀረ። እናታቸው ሾርባ ትቀዳለች፤ አንዱ ጨው ሲፈልግ ከሌላው እጅ እንዳይቀበል ተነስቶ ይሄዳል። «ምነው ዝም አላችሁ? ዛሬ ዴሞክራሲ የለም?» አለች እናት አንድ ቀን። ማንም አልሳቀላትም። ቀጮ ወደ ሱቅ ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ጀመር፤ ሕፃናት ሳይቀሩ «አሳሪው» ይሉታል። ታሳሪውን ሊቀመንበር ይወድ የነበረው እሱ ነበር እንዳትሉኝ፤ ይህን የሚያስብ ማን ቀርቶ!

አንድ ከሰዓት በኋላ የመሰላሉ ወጣቶች ከግቢው በር ደረሱ። ግማሾቹን ቆራጯ ታውቃቸዋለች፤ ደብተር ተሸክመው ትምህርት ቤት ሲመላለሱ ጀምሮ። ባለማሽኑ በዚያ ሰዓት ከተማው መሐል ባለው አዳራሽ የፓርቲው ስብሰባ ላይ ነበር። በመጋዘኑ ጥግ ሆና ደወለችለት። አነሳው።

«ጋሼ፣ መጥተዋል። በር ላይ ናቸው። አንተን ይሰሙሃል፤ ስልኩን ከፍ አድርጌ ላሰማቸው፣ እኔ ነኝ ያተምኩት በላቸው። ይህችን ብቻ በል!»

ያ ሹክሹክታ የማያውቅ ሰው፣ ያ ምስጢሩን መንገደኛ የሚሰማው ሰው፣ ያን ቀን ሹክ አለ።

«ስብሰባ ላይ ነኝ። እደውልልሻለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ቀጮ እሷን ወደ ኋላ ገፍቶ ራሱ በሩ ላይ ቆመ። እጆቹን ዘርግቶ፣ ደንበኛ የሚያረጋጋ ይመስል፣ ይናገር ነበር። «ስሙኝማ፣ ወንድሞች፤ ተንኮል የለውም። ማስጀመሪያ ነው። ማሽን ሲነሳ የሚያልፍ ብልሽት ወረቀት ነው። ግቡና ላሳያችሁ፣ ክምሩ እዚሁ አለ።»

«አሁን ገና ትዝ አለህ?» አለ አንዱ ከፊት ያለው። «እስከዛሬ የት ነበርክ?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር። ቀጮ አፉን ሲከፍት አንድ እጅ ደረቱን ገፋው። ክብደት የለውማ፤ ወደ ኋላ በረረ። ጭንቅላቱ የበሩን የብረት ደፍ መታው። ሲወድቅ ያደረገው ድምፅ ከመቁረጫዋ ድምፅ አይበልጥም ነበር። ወጣቶቹ ደሙን ሲያዩ ተበተኑ። ሆስፒታል ሳይደርስ፣ መኪናው ውስጥ፣ ራሱ እህቱ ጭን ላይ እንዳለ አረፈ።

ባለማሽኑ ደወለላት። የደወለው ስብሰባው ሲያበቃ ነው።

ከቀብር መልስ እናታቸው ማንንም አላስጠጋችም። ታላቅ ልጇን ብቻ አስጠርታ ጠየቀችው።

«ወረቀቱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ እማዬ።»

«አንተ ነህ ያተምከው?»

«እኔ ነኝ።»

«እና ይህችን ለእኔ እንደነገርከኝ ለእነሱ መንገር አቃተህ?»

ከዚያን ቀን ወዲህ እናታቸው ማተሚያ ቤት ገብታ፣ ከተዘጋው ኮምፒውተር ፊት፣ የቀጮ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ምሳ ደረሰ የሚል የለም።

ፓርቲዎቹ ግን አልቦዘኑም። የጃንጥላው ሰዎች «ለዴሞክራሲ የወደቀ» አሉት። የመሰላሉ ሰዎች «ምስጢራቸውን እንዳያወጣ የገዛ ወገኖቹ ያስገደሉት» አሉት። ጸሐፊዋ ያንኑ ለስላሳ ድምፅዋን ይዛ መጣች፤ የቀጮ ፎቶ ያለበት ፖስተር ይታተምልን አለች። ቆራጯ ከመቁረጫው ተነስታ ልታስወጣት ስትል ባለማሽኑ «ተይው፤ እኔ አትመዋለሁ» አለ። የአባቱ ሕግ ይሁን፣ ጸጸት ይሁን፣ ማን ያውቃል።

ፕሌቱን ሌላ ቦታ አስወጥተው መጡ። ባለማሽኑ ጫነው። ከዚያ በዚያ ቤት ተደርጎ የማያውቅ ነገር አደረገ፤ ወደ ማስጀመሪያው ክምር እጁን ዘርግቶ መለሰው። አዲስ ወረቀት ፈታ። የታናሹን ፊት የአይጥ መርዝና የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ማተም አልሆነለትም። ማሽኑ ተነሳ። በመጀመሪያው ሉክ ላይ የወጣው የቅንድብ ጥላ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓይኖቹ መጡ፣ ግርጥት ብለው። ከዚያ አፍንጫው፣ ከዚያ ያ ሳቅ ሊል የደረሰ አፉ። ቀለሙ እየያዘ ሲሄድ ቀጮ ከነጩ ወረቀት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ እነሱ ይመጣ ነበር። ሲደርስ ግን ፎቶ ነበር። እናቱ ከወንበሩ ላይ ሆና ሉኮቹን አንድ በአንድ ስታያቸው ዋለች።

ቆራጯ ማሽኑን አጠፋችው። በሕይወቷ ነክታው አታውቅም።

«አሁን ተናገር።»

«ነገ ትልቁ ክርክር አለ፤» አለ ባለማሽኑ ቀና ሳይል። «ሊቃነ መናብርቱ ይቀርባሉ፤ በራዲዮ ይተላለፋል። ከእሱ በኋላ፣ ምርጫው ካለፈ...»

«ከምርጫው በኋላ ማንን ልታድንበት ነው?»

ቆራጯ ከክምሩ ውስጥ መሰላሉ በሊቀመንበሩ ፊት ላይ የታተመበትን አንድ ሉክ ፈልጋ አወጣች፣ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘች።

በማግስቱ የክርክሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከመድረኩ በላይ «ዴሞክራሲን የሚያሰጋው ማን ነው?» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ሁለቱ ሊቃነ መናብርት በሁለት ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። አንዱ ስለ ቀጮ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ፤ ሌላውም ስለ ቀጮ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። እንዲህ የተዋጣለት ስብራት ከልምምድ ውጭ አይገኝም። ባለማሽኑ የፊተኛው ረድፍ ላይ ከመሰላሉ ሰዎች መካከል ነበር፤ ሐዘንተኛ ወንድም ስለሆነ ከፊት አስቀምጠውታል።

የጥያቄ ጊዜ ደረሰ። ማይክሮፎኑ ሲዞር ቆራጯ ተቀበለችው።

«ጥያቄዎን ብቻ፣ እህቴ፤» አለ አወያዩ።

«ጥያቄ ነው ያለኝ።» ሉኩን ፈታች። አዳራሹ ተንጫጫ። «ይህ ማስጀመሪያ ነው። ማሽኑ ቀለም እስኪይዝ የሚያልፍ ብልሽት ወረቀት። እሽጉን የሸፈንኩበት እኔ ነኝ፤ ቆራጭ ነኝ። የለጠፉት ልጆች እንደሚጣል አላወቁም። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። የእርስዎ አስተባባሪ ቤታችን መጥቶ ይህን ሰምቷል። የእርስዎም ጸሐፊ ቤታችን መጥታ ይህን ሰምታለች። ሁለቱም ዝም በሉ ብለውን ሄዱ። ዴሞክራሲን የሚያሰጋው ማን እንደሆነ ኋላ ትነግሩናላችሁ። አሁን ይህን ንገሩን፤ ታውቁ ነበር ወይስ አታውቁም?»

አንደኛው ሊቀመንበር ውሃ አነሳ። ሁለተኛው ወረቀቱን አስተካከለ። ከዚያ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እርስ በርስ ተያዩ።

«እህቴ፣ ጊዜዎን...» አለ አወያዩ።

«እነሱ ያስቡበት፤ ልምዳቸው ነው። የመጨረሻው ጥያቄዬ የእነሱ አይደለም።» ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረች። «ጋሼ። ተነስ። ስልክ ላይ እንዳልከኝ በሹክሹክታ አይደለም፤ በማሽኑ ድምፅህ፣ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ። ይህን ሉክ ያተመው ቀጮ ነው ወይስ አንተ? እማዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በራዲዮ እየሰማችህ ነው። ተነስና መልስ!»